ባሕር ዳር በየት በኩል እየሰፋች ነው? በነጻ የሳተላይት ምስል ራሳችሁ እዩት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣም የሚያምር ካርታ ሠራሁ። በባሕር ዳር ጠርዝ፣ ዘንዘልማ አካባቢ «ከተማው በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ» የሚል፣ ቀይ በቀይ የሆነ ካርታ። ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ ሁሉም ወይ ጉድ አለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ቀይ ካደረግኳቸው ቦታዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ቤት የሚባል ነገር የለም። አንድ አባት ማሳ ዳር ቆመው ከብት ይጠብቃሉ።

«አባቴ፣ እዚህ ቤት አልተሠራም እንዴ?»

«የምን ቤት? የጤፍ ማሳ ነው እንጂ ልጄ። ከታጨደ ሦስት ወር አለፈው።»

ያደረግኩት ነገር ቀላል ነበር። የአንዱን ዓመት የጥቅምት ምስል ከሚቀጥለው ዓመት የየካቲት ምስል ጋር አነጻጸርኩ። በጥቅምት ማሳው አረንጓዴ ነው። በየካቲት ባዶ አፈር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባዶ አፈርንና ቤትን መለየት ላይ እስከዚህም ነው። የጤፍ ማሳ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሆኖ ቁጭ አለ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ ነው የሚዞረው። እኛ አገር መሬቱን ከግንበኛው በፊት ወቅቱ ይለውጠዋል። አንድ ምስል ብቻውን ይዋሻል። የዓመቱን ሁለት ወቅት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግን ቤቱና ማሳው ይለያያሉ፤ ማሳ መልኩን ይቀያይራል፣ ቤት ግን በጥቅምትም በየካቲትም ያው ቤት ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። ላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ የጌም ላፕቶፕ መሆን የለበትም፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ይበቃል። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም ጫኑ። ነጻ ነው፣ ክራክ መፈለግ የለም። ከዚያ ሰብሰብ ያለ የኢንተርኔት ፓኬጅ።

ዋናው ዳታችን ሴንቲኔል 2 ነው። የአውሮፓ ሳተላይት ነው፤ የመጀመሪያው በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 እ.ኤ.አ. ተላኩ። በጥንድ ሲሠሩ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሱታል። ምስሉ በነጻ ለማንም ክፍት ነው። አንዷ ነጠብጣብ፣ ማለትም ፒክስሏ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፣ 100 ካሬ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በኛው መለኪያ እንየው። አንድ ቃዳ መሬት ሩብ ሄክታር ነው፣ 2500 ካሬ፤ በሴንቲኔል 25 ፒክስል ይሆናል። በደንብ ይታያል። 150 ካሬ ቦታ ላይ ያረፈ አንድ ቤት ግን ግቢውን ጨምሮ አንድ ተኩል ፒክስል ነው። ስለዚህ ነጠላ ቤት አትፈልጉ፤ መንደር ፈልጉ።

ከ2015 እ.ኤ.አ. በፊት ወደኋላ መሄድ ለሚፈልግ ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች አሉ። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምስል አለው፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ባሕር ዳርን ለማግኘት መስመር (ፓዝ) 170፣ ረድፍ (ሮው) 52 ብላችሁ ፈልጉ። ፒክስሉ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ምስሎች 30 ሜትር ስለሆነ አንድ ቃዳ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ለአጠቃላይ የከተማው ቅርጽ ጥሩ ነው፣ ለአንድ ሰፈር ግን አይሆንም። ላንድሳት 7 ከግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. በኋላ ምስሉ ላይ ጥቁር ሽንትር ሽንትር አለበት። ኮምፒውተራችሁ አይደለም የተበላሸው፣ ሳተላይቱ ላይ ያለ ዕቃ ነው።

ተዘጋጅተው የሚመጡም አሉ። የጉግል ኦፕን ቢዩልዲንግስ ከ2016 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ በየዓመቱ ሕንጻ የት እንዳለ የሚገምት ዳታ አውጥቷል፤ አፍሪካን ይሸፍናል። ዳይናሚክ ወርልድ የሚባለው የመሬት ሽፋን ካርታ በ10 ሜትር እያንዳንዷን ፒክስል ውኃ፣ ዛፍ፣ ሰብል፣ ሕንጻ እያለ በ9 ዓይነት ይመድባል። ወርልድከቨር የሚባለውም ተመሳሳይ ነው፣ የ2020 እና የ2021 እ.ኤ.አ. ካርታ አለው፤ ሁለቱ በተለያየ ዘዴ ስለተሠሩ አንዱን ከአንዱ ቀንሶ «ይኸው ለውጡ» ማለት አይቻልም። ብዙ ሰው ግን ያደርገዋል። እነዚህን ለመነሻ ተጠቀሙባቸው። እንደ ወንጌል አትቀበሏቸው፣ ማሽን የሠራው ግምት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከተማውን ሙሉ አትያዙ። አንድ መውጫ ምረጡ። ወደ ጎንደር የሚወስደው የዘንዘልማ መስመር አለ፣ ወደ አዲስ አበባ የመሸንቲ፣ ወደ ጢስ ዓባይ የሰባታሚት፣ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ደግሞ ወደ ወራሚትና ወደ ዘጌ የሚሄደው። የምታውቁትን ያዙ። አጎት ያላችሁበት፣ ሠርግ የሄዳችሁበት፣ ባጃጅ ተራው የት እንደሆነ የምታውቁት ቦታ ይሻላል፤ የማታውቁት ቦታ ላይ ኮምፒውተሩ ሲዋሽ አትነቁበትም።

የሴንቲኔል ምስሎች የሚገኙበትን ድረ ገጽ፣ ኮፐርኒከስ ብራውዘርን፣ ክፈቱና በኢሜይል ተመዝገቡ። አካባቢያችሁ ላይ አራት ማዕዘን ሥሩ። ሙሉውን ፋይል አታውርዱ! አንዱ ሙሉ ፋይል ወደ 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣናን ከነደሴቶቹ ታወርዱታላችሁ፣ ፓኬጁም እዚያው ያልቃል። የሠራችሁትን አራት ማዕዘን ብቻ ቆርጦ የሚሰጥ የማውረጃ ምርጫ አለ፤ ለትንተና የሚለውን፣ ፋይሉን በቲፍ ዓይነት፣ ባንዶቹን (ሳተላይቱ ለየብቻ የሚቀዳቸውን የብርሃን ዓይነቶች) በጥሬው ምረጡ። የካርታውን የቦታ መለኪያ ሥርዓት ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን አድርጉት፣ ቁጥሩ 32637 ነው። ሌቭል 2ኤ የሚለውን ውሰዱ፤ የአየሩ ጭጋግ የታረመለት እሱ ነው።

ቀኑ ላይ ጊዜ ስጡ። እኔ ለአንድ ዓመት ሁለት ምስል እይዛለሁ። አንደኛው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ የተነሳ ነው፣ በፈረንጅ ከኦክቶበር 25 እስከ ኖቬምበር 24 ገደማ። ደመናው ገለጥ ብሏል፣ ማሳ ላይ ግን ገና አረንጓዴ አለ፤ በቆሎው ቢደርቅ እንኳ ጤፉና ዳጉሳው አለ። ሁለተኛው የየካቲት ነው፣ ከፌብሩዋሪ 8 እስከ ማርች 9። ሁሉም ደርቋል። ሐምሌና ነሐሴን እርሱት፣ ደመና ብቻ ነው የምታዩት። ፋይሉን ስታስቀምጡ ስሙ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ይህን ሳላደርግ የ2010ን ምስል በፈረንጅ 2010 ነው ብዬ ሁለት ቀን ያባከንኩበት ጊዜ አለ።

ሁለት ዓመት ምረጡ፣ ለምሳሌ 2010 ዓ.ም. እና 2017 ዓ.ም.። በድምሩ አራት ምስል። በቃ።

ኪውጂአይኤስ ውስጥ አስገቡና መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። በቀይ ቦታ ባንድ 11ን፣ በአረንጓዴ ባንድ 8ን፣ በሰማያዊ ባንድ 4ን አድርጉ። ዕፅዋት ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቤትና ባዶ አፈር ወደ ሮዝና ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ሐይቁ ይጠቁራል። ዓይናችሁን ለማሰልጠን ዓባይ ላይ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ፈልጉ። 380 ሜትር ነው፣ ማለትም ወደ 38 ፒክስል የሚሆን ቀጭን ክር። በ2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ በ2010ሩ ምስል ላይ የለም፣ በ2017ቱ ላይ አለ። እሱን ከለያችሁ ሌላውንም ትለያላችሁ።

አዲስ ሰፈር እንዴት እንደሚጀምር ልብ በሉ። ምሪት ሲሰጥ ቤት አይደለም ቀድሞ የሚታየው። ቀያሽ ችካል ይተክላል፣ እሱ ከሰማይ አይታይም። ከዚያ ግሬደር ገብቶ የውስጥ መንገድ ያወጣል። ይህ ይታያል። የገበሬ ማሳ ድንበሩ ጠማማ ነው፣ ወሰኑ የወንዙንና የዳገቱን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ድንገት በማስመሪያ እንደተሰመረ ፍርግርግ ታያላችሁ። ቤቶቹ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ እያሉ ለዓመታት ይሞላሉ፣ ገንዘብ እንደተገኘ። ጨረቃ ቤት ግን በተቃራኒው ነው። ፍርግርግ የለውም፣ መንገድ የለውም፣ ነባር መንደር ጠርዝ ላይ እንደ ቆሎ የተበተነ ይሆናል። ይህን ልዩነት ማሽኑ አይነግራችሁም፣ ዓይን ነው የሚነግራችሁ።

አሁን ስሌቱ። ኤንዲቪአይ የሚባለው የአረንጓዴነት ልኬት ነው። ባንድ 8 ሲቀነስ ባንድ 4፣ ሲካፈል ለሁለቱ ድምር። በኪውጂአይኤስ የምስል ማስሊያ (ራስተር ካልኩሌተር) ላይ ይህንኑ ትጽፋላችሁ። ለአራቱም ምስል ሥሩት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት ከሁለቱ ወቅት ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። ዋናው ብልሃት ይህ ነው። ጤፍ በጥቅምት አረንጓዴ ነበረ፣ ስለዚህ በየካቲት ባዶ ቢሆንም ትልቁ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ግን በሁለቱም ወቅት ዝቅተኛ ነው። በ2010 ትልቁ ቁጥር ከፍ ያለ፣ በ2017 ዝቅ ያለ ፒክስል ካገኛችሁ እሱ ነው የምትፈልጉት። ድንበሩን የት ላድርገው ለሚል፣ 0.3 አካባቢ ጀምሩና ከምታውቋቸው ሰፈሮች ጋር እያያችሁ አስተካክሉት። የራሴን ቁጥር ብሰጣችሁ አይጠቅማችሁም፣ እንደ ቦታው ይለያያል።

እዚህ ጋ ሙሉውን ፋይል ለሚያወርዱ አንድ ነገር። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በአዲሱ አሠራር የተዘጋጁ የሴንቲኔል 2 ፋይሎች በጥሬ ቁጥራቸው ላይ 1000 ተጨምሮባቸዋል። ያንን ሳትቀንሱ ከድሮው ጋር ካነጻጸራችሁ አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት አረንጓዴነቱን ያጣል። ከብራውዘሩ ቆርጣችሁ ካወረዳችሁ እሱ ራሱ ያስተካክለዋል።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በዝተዋል።

ጫት። በመስኖ ስለሚለማ በየካቲትም አረንጓዴ ነው። ማሳው ከጤፍ ወደ ጫት ሲዞር «ደን ጨመረ» የሚል ካርታ ይወጣላችኋል። ባህር ዛፍም እንዲሁ። ማንም ደን አልተከለም።

ማንጎ። የባሕር ዳር ሰው ቤት ሠርቶ ግቢውን ባዶ አይተውም፤ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን ይተክላል። ሰፈሩ እንደተሠራ ቁጥሩ ይወርድና ዛፉ ሲያድግ መልሶ ይወጣል። ስለዚህ አሥር ዓመት የሞላው ሰፈር በኤንዲቪአይ ብቻ ሲታይ ወደ እርሻ የተመለሰ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ ነው የኦፕን ቢዩልዲንግስ ዳታ የሚያድናችሁ፣ ደርቡበት።

የሐይቁ ዳር። ጣና ከክረምቱ ማግስት በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በሰኔ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ውኃው ሲሸሽ ሰው ተከትሎ ያርሳል፣ ባሕር ሸሽ የሚሉት ነው። ሁለት የተለያየ ወር ካነጻጸራችሁ ሐይቁ የተወሰደ ይመስላችኋል። በዚያ ላይ እምቦጭ አለ። ውኃ ላይ የተኛ እምቦጭ፣ ደንገልና ፊላ ለሳተላይቱ ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። የሐይቁን ዳር የሚከታተል ሰው ይህን ለብቻው ይያዘው፣ ከቤት ጋር አይቀላቅለው።

የካርታ መነሻም አለ፤ የቦታ ቁጥሮቹ ከየት ተነስተው እንደሚለኩ የሚወስነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ቢሮ የፕላን ፋይል አገኘሁ። ስከፍተው አስፋልቱ ማሳ ውስጥ ገባ፣ ሁሉም ነገር ወደ 200 ሜትር ሸሽቷል። ሠሪውን ሳማ ዋልኩ። ጥፋቱ ግን ፋይሉ አዲንዳን በሚባለው በድሮው የአገራችን መነሻ ተሠርቶ ሳለ እኔ እንደ ጂፒኤሱ ደብሊውጂኤስ 84 አድርጌ መክፈቴ ነው። ለአዲንዳን ቁጥሩ 20137 ነው። ከከፈታችሁ በኋላ አንድ የታወቀ መጋጠሚያ መንገድ ላይ ልክ መሆኑን እዩ።

ፈቃደኞች የሚሥሉት ነጻ ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕም፣ ጥሩ ነው፣ መንገዶቹን ከዚያ ውሰዱ። ግን ቤቱ ካርታው ላይ የገባበት ቀን ቤቱ የተሠራበት ቀን አይደለም። አንድ ትጉህ ልጅ በአንድ ሌሊት ሙሉ ቀበሌ ስሎ ሊያድር ይችላል።

አሁን ቀይ ካርታ አላችሁ። አትለጥፉት። ገና ነው።

ለምን? በምሳሌ ልንገራችሁ። የያዛችሁት ቦታ 10,000 ሄክታር ነው እንበል፣ በእውነት ወደ ቤት የተለወጠው 300 ሄክታር። ዘዴያችሁ ካልተለወጠው መሬት 3 በመቶውን ብቻ ቢሳሳት፣ ያ ራሱ 291 ሄክታር ነው። ካርታው ወደ 590 ሄክታር ቀይ ያሳያል። ግማሹ ውሸት ነው። «97 በመቶ ትክክል ነው» ያላችሁት ካርታ ማለት ነው ይሄ። ለውጥ ትንሽ ነገር ስለሆነ ትንሿ ስህተት ትውጠዋለች።

ስለዚህ ናሙና ያዙ። ኪውጂአይኤስ በዘፈቀደ ነጥብ ይጥልላችኋል። ከቀዩ ውስጥ 100 ነጥብ፣ ከቀዩ ውጭ ደግሞ ቢያንስ 100፣ ቢቻል ከዚያም በላይ። ከዚያ ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ የድሮ ምስሎችን የምታሳየዋን የሰዓት ምልክት ተጭናችሁ እያንዳንዱን ነጥብ በዓይናችሁ ፍረዱ። አሰልቺ ነው። ቡና አፍልታችሁ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳያይ ብትሠሩት ጥሩ ነው። ከ100 ቀይ ነጥቦች 52ቱ ብቻ እውነት ከሆኑ ከቀዩ 52 በመቶውን ያዙ። ከውጭ ካሉት ነጥቦች 2ቱ ተለውጠው ከተገኙ ደግሞ ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ከቀሪው 9,400 ሄክታር 2 በመቶ ወደ 190 ሄክታር ነው፣ እሱም ይደመራል። የምትናገሩት የስፋት ቁጥር ከዚህ የሚወጣው ነው፣ ቀዩን ፒክስል ቆጥራችሁ ያገኛችሁት አይደለም።

ያልተግባባችሁባቸውን ነጥቦች ስልካችሁ ላይ ጫኑና በአካል ሂዱ። ኪውፊልድ የሚባል የስልክ አፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከኪውጂአይኤሱ ጋር ይናበባል። ስትሄዱ ሰላም በሉ፣ ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ስልክ ይዞ መሬት የሚያይ ሰው በዚህ ጊዜ ደላላ ወይም አፍራሽ ግብረ ኃይል ነው የሚመስለው። ካሳ የሚጠብቅ ገበሬ አለ፣ ደብተሩን ይዞ የሚፈራ አለ፣ ጨረቃ ቤት ሠርቶ እንቅልፍ ያጣ አለ። በዚህም ምክንያት እኔ ነጠላ ቤት የሚያሳይ ካርታ አላወጣም። በቀበሌ ደረጃ ደምሬ «በዚህ መስመር ይህን ያህል ሄክታር እርሻ ወደ ቤት ዞሯል» ብዬ ነው የምጽፈው። የአንዱን ሰው ጣሪያ ቀይ ቀብቶ መለጠፍ ነውር ነው፣ ዳታው ክፍት ቢሆንም።

የዳታውን ምንጭ ካርታው ግርጌ ላይ ጻፉ፤ ኮፐርኒከስም ኦፕን ስትሪት ማፕም የሚጠይቁት እሱን ነው። የተጠቀማችሁባቸውን ቀኖችም ጻፉ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲሠራው።

እኔ በነገራችን ላይ የዘንዘልማውን ካርታ እንደገና ሠራሁት፣ በሁለት ወቅት። ያ ማሳ በዚህኛው ላይ አረንጓዴ ነው። ከእሱ በላይ አስፋልቱን ተጠግቶ ግን ፍርግርግ ጀምሯል። ጥቅምት ላይ ደመናው ሲገለጥ አዲሱን ምስል አወርድና እኒያን ከብት ጠባቂ አባትም ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።